ለአነስተኛ ትራክተር የሚገጠም የቅርንጫፍ መክተፊያ ማሽን አመራረጥ

የቅርንጫፍ መክተፊያ ማሽን ከትራክተር በሚያገኘው ኃይል ቅርንጫፍን፣ ቀጭን ግንድንና ቁጥቋጦን ወደ ትናንሽ የእንጨት ስንጣሪዎች የሚለውጥ የእርሻ መሣሪያ ነው። በቡና አብቃይ አካባቢዎች ያረጀ ቡና በጉንደላ ሲታደስ፣ በፍራፍሬ እርሻዎች ዓመታዊ የገረዛ ሥራ ሲከናወን፣ የባህር ዛፍና የዲከረንስ ደን ባለቤቶች ግንዱን ቆርጠው ከሸጡ በኋላ ጫፉና ቅርንጫፉ በማሳው ላይ ሲቀር፣ እንዲሁም በአፋርና በአጎራባች አካባቢዎች ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው ወራሪ ዛፍ ሲመነጠር የሚሰበሰበው ክምር በአብዛኛው በእሳት ይወገዳል። ማሽኑ ይህን ክምር ለአፈር ሽፋን፣ ለብስባሽ ማዘጋጃ ወይም ለማገዶ ጡብ ግብዓትነት እንዲውል ያስችላል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው አነስተኛ ትራክተር ያላቸው ወይም ለመግዛት ያቀዱ አርሶ አደሮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሜካናይዜሽን አገልግሎት የተሰማሩ ወጣቶችና አነስተኛ ባለሀብቶች ከትራክተራቸው ጋር የሚስማማ፣ ለሥራቸው የሚመጥንና ለሠራተኛው አደጋ የማይሆን መክተፊያ እንዲመርጡ ለማገዝ ነው። አነስተኛ ትራክተር ሲባል እዚህ ላይ ከ15 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ጎማ ትራክተር ማለት ሲሆን፣ በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር የተለየ ባሕርይ ስላለው ለብቻው ተመልክቷል።

በቅድሚያ፦ ማሽኑ ያስፈልጋል ወይ?

ከግዢ ውሳኔ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የማሽኑ ዓይነት ሳይሆን የእንጨቱ መጠንና ዋጋ ነው። ቅርንጫፉ ለማገዶ በአካባቢው ገበያ በቀላሉ የሚሸጥ ከሆነ ነዳጅ አቃጥሎ መክተፉ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሥራው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ ሲሆንም ማሽኑን ለብቻ ከመግዛት ይልቅ በማኅበር መያዝ ወይም ካለው ሰው መከራየት የተሻለ አማራጭ ነው። በዓመት ውስጥ ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ የሚከተፈው ቅርንጫፍ አብዛኛው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ስንጣሪውስ ለምን አገልግሎት እንደሚውል በወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ሻጭ መሄድ ሻጩ ያለውን ዕቃ ሳይሆን ገዢው የሚፈልገውን ለመነጋገር ያስችላል።

ውፍረቱን በሚመለከት በግምት ከመናገር ይልቅ ከክምሩ ውስጥ ሠላሳ ወይም አርባ ቅርንጫፎችን መርጦ በሜትር መለካት ይመከራል። በአብዛኛው የሚታየው ከአሥር ቅርንጫፍ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ከ8 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ መገኘቱ ነው። ለቀሩት ጥቂት ወፍራም እንጨቶች ሲባል ትልቅ ማሽን መግዛት አያስፈልግም፤ እነርሱ በመጋዝ ተቆርጠው ለማገዶ ወይም ለአጥር ይውላሉ።

የትራክተሩ ትክክለኛ ኃይል

በትራክተሩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የሞተሩ ነው እንጂ መክተፊያው የሚያገኘው አይደለም። መክተፊያው ኃይል የሚያገኘው በትራክተሩ ኋላ ከሚገኘውና በተለምዶ ፒ.ቲ.ኦ. ተብሎ ከሚጠራው የኃይል መውጫ ዘንግ ሲሆን፣ በዚህ ዘንግ ላይ የሚደርሰው ኃይል እንደ ትራክተሩ ሥሪት ከሞተሩ ኃይል ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህሉ ነው።

በሀገራችን ሁኔታ ሌላም የሚቀነስ አለ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ቁጥር የሚያገኘው አየር ስለሚሳሳ በየአንድ መቶ ሜትሩ ከኃይሉ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። ማሽኖቹን የሚሸጡ ድርጅቶች የሚያሰራጩት ዝርዝር ግን በአብዛኛው በቆላማ ከፍታ የተለካ ነው። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን አካባቢ ሲሠራ የሞተሩ ኃይል ወደ 19 ይወርዳል፤ በኃይል መውጫ ዘንጉ ላይ የሚቀረው ደግሞ 16 ገደማ ነው። ያው ትራክተር 740 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው መልካ ወረር ቢሠራ በዘንጉ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ይገኛል። የደጋ አካባቢ ገዢዎች ከቆላ የመጣ ምስክርነትን እንዳለ መቀበል የማይገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በኃይል መውጫ ዘንጉ ላይ ከ15 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን እርጥብ እንጨት ያለ ጭንቀት፣ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያለውን ደግሞ በዝግታ ይከትፋል። ለ12 ሴንቲ ሜትር ከ25 እስከ 30፣ ለ15 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 35 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የእንጨት ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ቢላዋው የሚቆርጠው ስፋት አራት እጥፍ ስለሚሆን በ5 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ላይ ያማረ ማሽን በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላል። በማሽኑ ማስታወቂያ ላይ «እስከ 15 ሴንቲ ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመጉረሻው አፍ ስፋት እንጂ ቀኑን ሙሉ ሊከትፈው የሚችለው ውፍረት አይደለም።

አገጣጠም

አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት መክተፊያዎች በትራክተሩ የኋላ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ላይ ይሰቀላሉ። ማያያዣው በዓለም አቀፍ ደረጃ በክፍል የተመደበ ሲሆን፣ አነስተኛ ትራክተሮች በአብዛኛው ክፍል 1 ናቸው፤ የታችኞቹ ፒኖች ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ነው። የክፍል 2 ፒኖች 28 እና 25 ሚሊ ሜትር ናቸው። ክፍል 2 ለሆነ ማያያዣ የተሠራን ማሽን ፒን እየለወጡ በክፍል 1 ትራክተር ላይ መስቀል በጋራዥ የሚቻል ቢመስልም፣ እንዲህ ያለው ማሽን ብዙውን ጊዜ ለትራክተሩ ከባድ ነው። ትራክተሩ ማሽኑን አንሥቶ ሲቆም ከጠቅላላ ክብደቱ ቢያንስ 20 በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ ሊያርፍ ይገባል፤ ካልሆነ መሪው አይታዘዝም። በተዳፋት መሬት ይህ ጉድለት ወደ መገልበጥ ያደርሳል። የፊት ማመዛዘኛ ክብደት የሌለው ትራክተር ያለው ገዢ የማሽኑን ክብደት ሳይጠይቅ መግዛት የለበትም።

የኃይል መውጫ ዘንጉ ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር፣ ውፍረቱ 35 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ቁጥር 6 ሲሆን ከአብዛኞቹ አነስተኛ መክተፊያዎች ጋር ይስማማል። አንዳንድ ትራክተሮች ባለ 21 ጥርስና በደቂቃ 1,000 ዙር የሚዞር ዘንግም አላቸው። በ540 እንዲሠራ የተቀረጸን መክተፊያ በማስማሚያ በ1,000 ላይ ማሠራት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ሊሰነጠቅና ቢላዋው ሊወነጨፍ ይችላል።

ሁለቱን የሚያገናኘው ካርዳን ከማሽኑ ጋር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ረጅም ሆኖ ነው የሚመጣው። ማሽኑ ተሰቅሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ርቀቱ ከተለካ በኋላ በልኩ መቆረጥ አለበት። ካርዳኑ ረዝሞ ከተገጠመ ማሽኑ ሲነሣ የትራክተሩን የኋላ ካምቢዮ ኩሽኔታ ይገፋና ይሰብራል፤ ቢያጥር ደግሞ በሥራ ላይ ይላቀቃል። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ቢያንስ የርዝመቱን ሲሶ ያህል ገብቶ መቆየት ይኖርበታል። በካርዳኑ ላይ ማሽኑ ሲታነቅ ቀድሞ የሚቆረጥ የመከላከያ ብሎን መኖሩም ሊታይ ይገባል። ብሎኑ በተቆረጠ ጊዜ «እንዳይቆረጥብኝ» ብሎ በጠንካራ ብሎን መተካት ካምቢዮን አሳልፎ መስጠት ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ትራክተሮች የኃይል መውጫ ዘንጋቸው ከካምቢዮ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በእነዚህ ላይ የመክተፊያው ከባድ ዲስክ ፍሪሲዮን ከተረገጠ በኋላም እየዞረ ትራክተሩን ወደፊት ሊገፋ ይችላል። ስለሆነም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ኃይል የሚያስተላልፍ መገናኛ በካርዳኑ ጫፍ ላይ ማስገጠም ያስፈልጋል።

የመቁረጫው ዓይነት

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አሠራር ይገኛል። ባለ ዲስክ መክተፊያ በከባድ ክብ ብረት ላይ የተገጠሙ ከሁለት እስከ አራት ቢላዋዎች አሉት፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ስንጣሪ ያወጣል፣ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ ለጥገና ይመቻል። ለቡና ግንድ፣ ለፍራፍሬ ገረዛ፣ ለዲከረንስና ለባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ለአብዛኛው ገዢ የሚመጥነው ይኸው ነው። ባለ ከበሮ መክተፊያ የተንዠረገገ ቁጥቋጦን በተሻለ ይጎርሳል፤ ይሁንና የበለጠ ኃይልና ዋጋ ይጠይቃል። ባለ መዶሻ መፍጫ በቅጠልና በሰብል ተረፈ ምርት ላይ ጥሩ ሲሆን በአፈር የተነካካ ነገርንም ይችላል፤ ለእንጨት ግን ደካማ ነው። የበቆሎና የማሽላ አገዳ ለከብት መኖ መክተፍ የሚፈልግ ሰው ለዚህ ተብሎ የተሠራውን መኖ መክተፊያ መግዛት እንጂ የእንጨት መክተፊያ መግዛት አይኖርበትም፤ የሁለቱም ስም በገበያ ላይ አንድ እየሆነ ብዙዎችን ያሳስታል።

ቢላዋው የማሽኑ ሁሉ ነገር ነው። በደነዘዘ ቢላዋ ማሽኑ ቅርንጫፉን ከመቁረጥ ይልቅ ይቀጠቅጠዋል፤ የሚያወጣው ስንጣሪ ይረዝማል፤ የናፍጣ ፍጆታው ያድጋል፤ መንቀጥቀጡም ኩሽኔታውን ያበላሻል። ቢላዋን በፍጥነት የሚያደነዝዘው እንጨቱ ሳይሆን በሥሩና በቅርፊቱ ላይ የተጣበቀው አፈርና ጠጠር ነው። በመሆኑም ተነቅሎ የመጣ የቡና ሥር ወደ መክተፊያ መግባት የለበትም። ገዢው ቢላዋው በሁለቱም በኩል የተሳለና የሚገለበጥ መሆኑን፣ ተቃራኒው ቋሚ ቢላዋ ክፍተቱ በብሎን የሚስተካከል መሆኑን፣ ተጨማሪ አንድ ጥንድ ቢላዋም ከማሽኑ ጋር የሚሰጥ መሆኑን መጠየቅ ይኖርበታል። በአካባቢ ጋራዥ ሲሳል ብረቱ ወደ ሰማያዊነት እስኪለወጥ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፤ ውኃ እየነከሩ ቀስ ብሎ መሳል ይሻላል። አንዱ ቢላዋ ብቻ ተስሎ ከተመለሰ ዲስኩ ሚዛኑን ስለሚስት ሁሉም በአንድ ጊዜና በእኩል መጠን መሳል አለባቸው።

አጎራረሱን በሚመለከት ቅርንጫፉን ቢላዋው ራሱ እየሳበ የሚያስገባ ዓይነት አለ፤ በሃይድሮሊክ በሚዞር ጥቅል የሚያስገባም አለ። የመጀመሪያው ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የተጣመመና የተንዠረገገ ቅርንጫፍ ላይ ሠራተኛው እየገፋ እንዲያስገባ ይፈትነዋል። የአደጋው መነሻም ይኸው ግፊት ነው። ባለ ሃይድሮሊኩ የአገባቡን ፍጥነት ለማስተካከል፣ ቅርንጫፍ ሲታነቅም ወደ ኋላ ለመመለስ ያስችላል። በቀን ለበርካታ ሰዓታት አገልግሎት በክፍያ ለመስጠት ላሰበ ማኅበር የዋጋው ልዩነት የሚያስቆጭ አይደለም፤ በዓመት አንድ ሳምንት ለሚሠራ የግል እርሻ ግን የመጀመሪያው ይበቃል።

ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ያላቸው

በእጅ የሚመራው ትራክተር ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር የሚጠቀም ሲሆን፣ ባለ 540 ዙር ዘንግም ሆነ ሦስት ነጥብ ማያያዣ የለውም። መክተፊያው የሚሠራው ከሞተሩ ጎማ በቺንጋ በመውሰድ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የከፍታ ቅናሽ ሲታሰብ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት መጠበቅ አይገባም። ለቡናና ለፍራፍሬ ገረዛ ግን ይህ በቂ ነው። ቺንጋው በብረት ሽፋን መሸፈኑ፣ ትራክተሩና መክተፊያው በአንድ ጠንካራ መሠረት ላይ መታሰራቸው፣ የመክተፊያው ጎማ ስፋት ማሽኑ ከሚፈልገው ፍጥነት ጋር የሚስማማ መሆኑ በባለሙያ ሊረጋገጥ ይገባል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት

ባህር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይከተፋል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። ረጃጅም የቅርፊቱ ልጣጮች በዲስኩ ዘንግ ላይ ስለሚጠመጠሙ በየጊዜው ማሽኑን አቁሞ ማጽዳት ያሻል። ስንጣሪው የሌሎችን ተክሎች እድገት የሚያዳክም ንጥረ ነገር ስላለው ሳይብላላ በአትክልት ማሳ ላይ ባይነሰነስ ይመረጣል። ማንኛውም ትኩስ ስንጣሪ በአፈር ላይ እንደ ሽፋን ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ከአፈር ጋር ቢደባለቅ ግን በሚበሰብስበት ጊዜ ናይትሮጅንን ስለሚሻማ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ለብስባሽ ሲውል ከእበትና ከለምለም ቅጠል ጋር መቀላቀል አለበት።

የፕሮሶፒስ እንጨት በጣም ጠንካራ ከመሆኑም በላይ እሾሁ የትራክተር ጎማ ይበሳል። ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ስለ ፍሬው ነው። ዘለላ የያዘ ቅርንጫፍ ተከትፎ ወደ ሌላ ማሳ ከተወሰደ ወራሪውን ዛፍ በገዛ ገንዘብ ማስፋፋት ይሆናል። ምንጣሮውና ከተፋው ዛፉ ፍሬ ባልያዘበት ወቅት እንዲሆን ወይም ዘለላው ቀድሞ ተለቅሞ እንዲወገድ ይመከራል።

በፈንገስ ምክንያት ጠውልጎ የደረቀ የቡና ዛፍ በምንም ዓይነት ሁኔታ ሊከተፍ አይገባም። በሽታው በእንጨቱ ውስጥ ስለሚቆይ ስንጣሪው በደህናው ቡና ሥር ሲነሰነስ ማሳውን በሙሉ ሊበክል ይችላል። እንዲህ ያለው ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ በበቀለበት ቦታ ይቃጠላል። ማሽኑን ከእርሻ ወደ እርሻ እያዘዋወሩ የሚያከራዩም ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት ዲስኩንና መውጫውን ማጽዳት ይጠበቅባቸዋል።

ደኅንነት

በደቂቃ 540 ዙር ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም የተንዘረፈፈ ቀሚስ በዚህ ዘንግ ከተያዘ ለመጮህም ጊዜ አይገኝም። የካርዳኑ የፕላስቲክ ሽፋን የሌለው ወይም የተሰበረ ማሽን፣ አዲስ ቢሆንም፣ መረከብ አይገባም፤ ያገለገለ ማሽን ሲገዛም ሽፋኑ ቀድሞ ይተካል። የመጉረሻው አፍ ከጫፉ እስከ ቢላዋው ያለው ርቀት ከሰው ክንድ ርዝመት በግልጽ የሚበልጥ፣ የማቆሚያ ማንሻውም ከመጉረሻው አፍ ቆሞ የሚደረስበት መሆኑን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ቅርንጫፍ በእጅ ወይም በእግር አይገፋም፤ በሌላ ረጅም እንጨት ይገፋል። ሠራተኛው ከመጉረሻው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆሞ ያስገባል። የተሸፈነ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያደርጋል፤ ክፍት እጅጌ ያለው ጓንት ግን በቅርንጫፍ ስለሚያዝ አይመከርም። ትራክተሩ ቢጠፋም ከባዱ ዲስክ ለረጅም ጊዜ መዞሩን አያቆምም፤ ሽፋኑ የሚከፈተው ዲስኩ ፈጽሞ ቆሞ፣ የትራክተሩ ቁልፍ ተነቅሎ በከፋቹ ኪስ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ልጆች በሥራው አካባቢ እንዳይገኙ፣ ስንጣሪው በሚወረወርበት አቅጣጫም ሰውና እንስሳ እንዳይቆም ይደረጋል።

ግዢና ክፍያ

ሻጩ ማሽኑን በገዢው ትራክተር ላይ ገጥሞ፣ ገዢው ባመጣው እንጨት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እንዲያሠራው መጠየቅ ተገቢ ነው። በባዶ ሲዞር ድምፁ የሚያምር ማሽን ምንም አያሳይም። በሙከራው ወቅት ሞተሩ ቢጨነቅ፣ ቺንጋው ቢሸት፣ ኩሽኔታው በእጅ ሊነካ እስከማይቻል ቢግል ወይም ስንጣሪው እንደ ቃጫ ቢረዝም ምክንያቱ ሳይታወቅ ክፍያ አይጠናቀቅም። የቢላዋ፣ የኩሽኔታና የቺንጋ ቁጥር በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ኩሽኔታውና ቺንጋው በሀገር ውስጥ ገበያ የሚገኝ መደበኛ ልክ ከሆነ የሻጩ ሱቅ ቢዘጋም ማሽኑ አይቆምም።

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ ዕቃውን በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህ የተሻለ የዋስትና ውል ካለ ውሉ ይጸናል። ይህን መብት ለመጠቀም የዕቃው ዓይነት፣ መለያ ቁጥርና የተገዛበት ቀን የሰፈረበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ማሽኑን ገዝቶ እስከ ገረዛ ወቅት በመጋዘን ማስቀመጥ ቀኑን ያለ ሙከራ ያሳልፋል።

ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችሉ በካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 807/2005 መሠረት የሚሠሩ የሊዝ ፋይናንስ ድርጅቶች እንዲሁም የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የማሽነሪ ኪራይ ግዢ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከውጭ በቀጥታ ለማስመጣት ያሰቡ ደግሞ ለእርሻ ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች የተፈቀደው የቀረጥና ታክስ ነጻ መብት መክተፊያውን የሚያካትት መሆኑን ውል ከመፈረማቸው በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽን ሊያረጋግጡ ይገባል። የትራክተሩን ኃይልና የማያያዣ ክፍል ለመለየት እገዛ የሚፈልጉ ተገልጋዮች የትራክተሩን መመሪያ መጽሐፍ ይዘው በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሜካናይዜሽን ባለሙያ መቅረብ ይችላሉ።

አዲስ ማሽን ከመጀመሪያዎቹ 8 እስከ 10 የሥራ ሰዓታት በኋላ ቆሞ ቢላዋ የያዙት ብሎኖች እንደገና ይጠበቃሉ፣ የቺንጋው መወጠር ይስተካከላል፣ ኩሽኔታዎችና የካርዳኑ መስቀሎች ግራሶ ይሰጣቸዋል። ብሎኖቹ ሲጠበቁ በማሽኑ መመሪያ ላይ የተመለከተው መጠን ይከበራል።